የእንግሊዙ እረኛና ሰባት ቁጥር

የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሃያ ሁለት ቦታ አለው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፌርፋክስ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ነው። ከሃያ ሁለቱ ጥላ ያላት ሰባት ቁጥር ብቻ ናት፤ የጃካራንዳው ዛፍ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ይከልላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ሰባት ቁጥር ላይ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ኮን ማቆም ነበር። ዛፉ በሚያብብበት ወራት ደግሞ የረገፈውን ወይን ጠጅ አበባ ከዚያች ቦታ ላይ ብቻ እጠርጋለሁ፤ መኪና ላይ ሲወድቅ ይጣበቃልና። ደንበኛ "ያቺስ?" ሲለኝ "ተይዛለች" እላለሁ። ማን እንደያዛት የጠየቀኝ የለም።

ቦታውን የምይዝላት ልጅ የምትመጣው አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። ቫን ናይስ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ ፓሳዴና ነርስነት ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ እንጀራና በርበሬ ግዢ ብላ ትልካታለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጠይቄያት ሳይሆን በስልክ ስታወራ ሰምቼ ነው። መኪናዋን ታቆማለች፣ ቁልፉን ትሰጠኛለች፣ ስልኳን ትኬቱ ላይ ትጽፋለች፤ መኪናው መንገድ ከዘጋ ደውለን እንድንጠራ ደንቡ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ትመለሳለች። በስድስት ወር ውስጥ የተነጋገርነው በሙሉ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከማቆሚያው ሦስት ብሎክ ርቆ ባለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመች የወፍ ቤት የምትመስል ሳጥን አለች። ሰዎች አንብበው የጨረሱትን መጽሐፍ እዚያ ይተዋሉ፣ የፈለገ ይወስዳል። መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። የሚጀምረው ከገጽ አሥራ አምስት ነው። የገጣሚዎቹ ስም ምናልባት በጠፉት ገጾች ላይ ነበር፤ በግጥሞቹ ሥር ግን የማንም ስም የለም። ይህ አልከፋኝም። ማን እንደጻፈው ካላወቅሁ ያልገባኝን በእሱ ማሳበብ አልችልም።

በውስጡ ያለው የእንግሊዝ አገር ገጠር ነው። በጎች፣ ወንዝ፣ የሚታጨድ ሣር፣ የሚጠብቅ ሰው፣ የምትጠበቅ ልጅ። ናፍቆት ነው ያስነበበው እንዳይባልብኝ፣ እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በግ የማውቀው በበዓል ዋዜማ በታክሲ ጣራ ላይ ታስሮ ሲመጣ፣ ሁለት ቀን በረንዳችን ላይ ቆሞ ሲያየን ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ያሳየኝ የትም የማላውቀውን ቦታ ነበር። ምናልባት ለዚህ ነው የወደድኩት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለሚያውቀው አገር ነው።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ለብቻዬ፣ በመዝገበ ቃላት ነው። አንድን ነገር በአማርኛ ካልጻፍኩት የገባኝ አይመስለኝም። መኪና በማይበዛበት ሰዓት ትኬት በምቆርጥባት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ግጥሞቹን በእርሳስ ወደ ደብተር እመልስ ጀመር። ወዲያው ቃል አጠረኝ። በእንግሊዝኛው በግ በየዕድሜዋ፣ በየፆታዋ፣ በየሁኔታዋ የተለያየ ስም አላት። መዝገበ ቃላቱ ለሁሉም "በግ" ይለኛል። ሣሩም እንደዚያው። አጥሩም እንደዚያው። አማርኛው እንደሌለው አላምንም ነበር፤ የሌለኝ እኔ ነኝ።

ያለው ሰው ከደጃፌ ተቀምጦ ነበር። አባባ የምላቸው ሽማግሌ ከመንዝ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አስመጥታቸው ከፌርፋክስ ብዙ በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ አብረዋት ይኖራሉ። እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ስለዚህ በየቀኑ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና ከክፍሌ ጎን ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ የምንነጋገረው ስለ መኪና ቀለም ነበር። ነጭ መኪና ለምን እንደሚበዛ ይገርማቸዋል።

አንድ ቀን "አባባ፣ ራሱ በቅሎ አጥር የሚሆን ቁጥቋጦ ምን ይባላል?" አልኳቸው።

"ቅንጭብ ነዋ።"

"እሾህ ካለውስ?"

"ብዙ ነው። የምን እሾህ? ነጭ ነው? ቀይ ፍሬ አለው? ቅጠሉስ ይረግፋል?" አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩት። "ለምን ጠየቅህ?"

ደብተሩን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መኪና ቀለም አላወራንም። ግልገል፣ ጠቦት፣ ሙክት፣ አውራ በግ። ጨፌ ማለት ውኃ የሚቋጥር መስክ መሆኑን፣ እዚያ ያደረ በግ እግሩ እንደሚታመም ነገሩኝ። ድርቆሽ የሚሆን ሣር በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጡ እንደሚግል፣ እጅ ቢያስገቡበት እንደሚያቃጥል ነገሩኝ። የሚናገሩትን ሁሉ ጻፍኩ። የሚናገሩትን የሚጽፍ ሰው ከዚያ በፊት አጋጥሟቸው እንደሆነ አላውቅም። ሲናገሩ ግን ዝግ ይሉልኝ ነበር፤ እርሳሴ ሲቆም ይቀጥላሉ።

ልጅቷ ደብተሩን ያየችው በዚያ ሰሞን ነው። ቁልፏን እየሰጠችኝ አንገቷን አስግጋ "ምን እያጠናህ ነው?" አለች።

"ግጥም ነው። ከእንግሊዝኛ።"

"ሪሊ? ስለ ምን?"

"ስለ በግ።"

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "ስለ በግ?"

"ስለ በግና… ስለ ሣር።"

"ኦኬ፣ በርታ" አለችና ሄደች። አባባ ከወንበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሃያ ግጥሞች አሥራ ሰባቱ ስለ ፍቅር ነበሩ።

ከሁሉም የያዘኝ አንድ ሃያ ስምንት መስመር ያለው ግጥም ነው። በጎች ከመሸለታቸው በፊት በወንዝ ይታጠባሉ። በዓመት አንድ ቀን የሁለት መንደር እረኞች ለዚህ በአንድ ኩሬ ይገናኛሉ። አንዱ እረኛ ከኮረብታው ማዶ፣ የአባቷን በጎች ይዛ የምትመጣ ልጅ ይወዳል። መናገር ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ከበጎቹ አንዷን፣ የወለደች በግ፣ ቀስ አድርጎ ከእሷ መንጋ ጋር ይቀላቅላል። በማግሥቱ "በጌ ጠፍታብኝ ነው" ብሎ የሚሄድበት ምክንያት እንዲኖረው ነው። ግጥሙ የሚያልቀው እረኛው ማታ ደጃፉ ላይ ቆሞ የኮረብታውን መንገድ ሲያይ ነው። ይሂድ አይሂድ አይነግረንም።

የአማርኛውን ረቂቅ ለአባባ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ፣

"የወለደች ናት አልክ?" አሉ።

"አዎ።"

"ግልገሏስ?"

መስመሮቹን አየሁ። "ግልገሏ አልተጠቀሰችም።"

"እናትየዋን ማዶ ሰዶ ግልገሏን አስቀርቶ? ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ ታድራለች እኮ! ሰፈር አታስተኛም። ይሄ ሰውዬ እረኛ አይደለም። ቤቱ ተቀምጦ ነው የጻፈው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል አይደለም፣ ነው። ጆሮዋስ? ምልክት የላትም? ያቺ ልጅ ማታ በጎቿን ስታስገባ አንዲት ትተርፋታለች። ጆሮዋን ታያለች፣ የማን እንደሆነች ታውቃለች። አባቷም ያውቃል። ማንን ነው የሚያታልለው?"

"ምናልባት እንድታውቅ ፈልጎ ይሆናል።"

"እንድታውቅ ከፈለገ በግ ይልካል እንዴ ሰው? ሽማግሌ ይልካል እንጂ!"

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ጥያቄ አነሣሁ፤ ለግጥሙ ብዬ ነው የጠየቅሁት። በግጥሙ ውስጥ እረኛው እናት፣ አባት፣ ወንድም የለውም፤ ብቻውን ነው። ይህ በአማርኛው እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። "አባባ፣ እርስዎ በእሱ ቦታ ቢሆኑ፣ በዚያ አገር ዘመድ ባይኖርዎት፣ የሚልኩት ሽማግሌም ባይኖርዎት ምን ያደርጉ ነበር?"

አባባ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። እኔን አዩ። ቅዳሜ ነበር፤ ቀጥለው ሰባት ቁጥርንና ኮኑን አዩ።

"ሽማግሌማ አይጠፋም" አሉ።

በዚያ ሳምንት በግጥሙ ላይ በእንግሊዝኛው የሌለ አንድ መስመር ጨመርኩ። እረኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው በረት ውስጥ ግልገሏ ትጮኻለች። መጨመር ትክክል አይደለም፤ እኔ የሌለ ነገር የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ግን ካባባ ጥያቄ በኋላ ያለ ግልገሏ ጩኸት ግጥሙ ውሸት መሰለኝ።

ልጅቷ እንደምትሄድ የሰማሁትም በስልክ ስታወራ ነው። ትምህርቷን ጨርሳለች። ሚኒሶታ ሆስፒታል ተቀጥራለች፤ በወር ጊዜ ውስጥ ትሄዳለች። ቁልፏን ስመልስላት "እንኳን ደስ አለሽ" ማለት ነበረብኝ። ሰምቼ ነበር ማለት እንዳይሆንብኝ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞርኩ። ግጥሙን አማርኛ አድርጌ እንደምሰጣት ለራሴ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ሌላ የምላት አልነበረኝም። አንድ ወር በቂ ነው ብዬ አሰብኩ። ከሃያ ስምንቱ መስመር፣ ከጨመርኩት ጋር ከሃያ ዘጠኙ፣ ሃያ ስድስቱ አልቀው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ፣ ልዘጋ ስል፣ አባባ "ቫን ናይስ በአውቶቡስ እንዴት ነው የሚኬደው?" አሉኝ።

"ማን ሊሄድ ነው?"

"እኔና ሁለት ሽማግሌዎች። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉዳይ አለን።"

"ልጅዎ አትወስድዎትም?"

"ሥራ ናት። ደግሞ ይሄ ልጅ የሚነዳበት ጉዳይ አይደለም።"

ምን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሽማግሌ ስለ ጉዳዩ አይጠየቅም። ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ መንገዱን ጻፍኩላቸው፤ እሳቸው ባያነቡም አብረዋቸው ከሚሄዱት አንዱ ያነባል። በፌርፋክስ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ፤ ሆሊውድ ላይ ወርዶ በመሬት ውስጥ የሚሄደው ባቡር፤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፤ ከዚያ ወደ ቫን ናይስ የሚወስደው አውቶቡስ። የትኛውን በር እንደሚወጡ፣ ደረጃ እንዳያደክማቸው አሳንሰሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ፀሐይ እንዳያገኛቸው በየትኛው ጎን እንደሚቀመጡ ሁሉ ጻፍኩ። አባባ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረታቸው ኪስ ከተቱት።

"ጠንቃቃ ልጅ ነህ" አሉ። "ይሄንንም እነግራቸዋለሁ።"

ለማን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጅቷ ከወትሮው ቀድማ መጣች። ኮኑን አላነሳሁም ነበር። መኪናዋን ሰባት ቁጥር አፍ ላይ አቁማ፣ ራሷ ወርዳ ኮኑን አንሥታ፣ ይዛው ወደ እኔ መጣች። አባባ ከቫን ናይሱ መንገድ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አልመጡም ነበር።

"ሰላም ነው?"

"ሰላም።"

"ሽማግሌ ልከህብኛል።"

"ምን?"

"ኧረ አታስመስል! ሶ፣ እሁድ ቀን ፒጃማዬን እንደለበስኩ በር ሲንኳኳ ስከፍት ሦስት ሽማግሌ ቆመዋል። አክስቴ ግቡ አለች፣ ገቡ። ተቀመጡ አለች፣ አንቀመጥም። ውኃ ስትላቸው አንጠጣም። ሳሎኑ መሀል ከዘራቸውን ይዘው ተገትረው ቀሩ። አክስቴ ምን መሰላት? መርዶ! ከአገር ቤት ሰው የሞተብን መስሏት ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ማን ሞተ እያልን ስንጮኽ አንደኛው ሽማግሌ፣ እኚያ እዚህ የሚቀመጡት፣ 'ኧረ የሞተ የለም፣ ልጃችሁን ለልጃችን ፈልገን ነው' አሉ።" ሳቀች። ዓይኗ ግን በትኩረት ያየኝ ነበር። "ልጃችን ነው ያሉህ። ጠንቃቃ ነው፣ የሚጽፈውን ጽሑፍ ብታዩ አሉ። መንገዱን የጻፍክበትን ወረቀት ለአክስቴ አሳዩዋት።"

 ከዚያ ትክክለኛውን ነገር ተናገርኩ።

"እኔ አልላክኋቸውም።"

"አልላክኻቸውም?"

"አልላክኋቸውም። አባባ ግጥም ሳነብላቸው… በራሳቸው ነው የሄዱት። እኔ አላወቅሁም።"

አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረበትም። ፊቷ ላይ ግን ሳቁ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ አየሁት፤ መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው በአንዴ አልነበረም።

"ኦኬ" አለች። "ሶ ስህተት ነው።"

"ስህተት… አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ከኋላዋ መኪና ጥሩምባ ነፋ። የእሷ መኪና መግቢያውን ዘግቶታል። ወደ ነፊው ዞራ እጇን አንሥታ "አንድ ደቂቃ!" አለችው፤ ወደ እኔ ተመለሰች።

"ኮኑስ?" አለች፤ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። "ኮኑንም እሳቸው ናቸው የሚያቆሙት?"

"ኮኑ የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ። መጀመሪያ ካቆምክበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።"

 መኪናው ደግሞ ነፋ። "የምጽፈው ነገር አለ" አልኳት። "ሊያልቅ ነው። ሲያልቅ…"

"ስለ በግ?"

"ስለ በግ።"

ኮኑን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። "አክስቴ ቀጠሮ የሰጠቻቸው ነገ ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ ነው። ምን ልበላቸው ብላኛለች። እስከዚያ አንተ የምትለኝ ካለ ስልኬ አለህ። በየሳምንቱ ትኬቱ ላይ እየጻፍኩልህ አይደል?"

ያን ቀን አላቆመችም። መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። ለነፊው ሰውዬ ሰባት ቁጥርን ሰጠሁት።

በማግሥቱ አባባ ሲመጡ ልቆጣቸው ነበር። ኮታቸው የተተኮሰ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ከመጀመሪያ ነገሩኝ፤ የአክስቲቱን ቤት ቤተ ክርስቲያን ጠይቀው ማግኘታቸውን፣ ባቡሩን፣ አሳንሰሩን፣ የአክስቲቱን ለቅሶ። "በአገሬ ስንቱን አጋብቻለሁ" አሉ። "እዚህ ከመጣሁ ግን ለምንም ነገር የጠራኝ ሰው የለም። አንተ ብቻ ነህ።" እኔ ጠርቻቸው ነበር? ደብተሬን መለስ ብዬ አየሁ፤ ጥያቄዬን በእጄ ጽፌዋለሁ፦ ዘመድ ባይኖርዎት፣ የሚልኩት ሽማግሌ ባይኖርዎት። በእሳቸው ቦታ ሆኜ ሳነበው ሌላ ትርጉም አልተገኘለትም። በአገራቸው ወንድ ልጅ ስለ ራሱ ፊት ለፊት አይናገርም። ስለ ሌላ ሰው እያስመሰለ ነው የሚያወራው፤ ሽማግሌው ይረዳል። አባባ ተረድተውኛል። ያልተረዳሁት እኔ ነበርኩ።

አልተቆጣኋቸውም። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

ከዚያ ሰባት ቀን ነበረኝ። ስልኳ በሃያ ሦስት ትኬቶች ላይ አለ፤ ቀን በቀን አስተካክዬ በላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሰኞ ልደውል አልኩና ግጥሙ ሳያልቅ ምን እላታለሁ ብዬ ተውኩት። ማክሰኞ አሥራ ዘጠነኛውን መስመር ቀየርኩ። ረቡዕ ወደ ቀድሞው መለስኩት። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቁጥሩን ነካሁት፤ አንዴ ጠርቶ ዘጋሁት። ምናልባት አልጠራም፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ዓርብ "ኩሬ" የሚለውን ቃል ሳስብ ዋልኩ። ኩሬ የቆመ ውኃ ነው፤ በግ የሚታጠበው በሚፈስ ውኃ ነው። አባባን ብጠይቃቸው በአንድ አፍታ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። አሁን ሳስበው ያ ቃል እንዲገኝ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ኮኑን አቆምኩ። አልመጣችም። ስምንት ሰዓት ላይ ጥላው ከሰባት ቁጥር ሲወጣ አነሣሁት።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ከሥራ ቀርቼ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ሃያ ዘጠኙንም መስመር በስልኬ ጻፍኩ። የምኖረው ሃውቶርን ነው፤ አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ሲወርዱ መስኮቴ ይንቀጠቀጣል። ሥርዓተ ነጥቡን ሁለት ጊዜ አይቼ ላክሁላት። ከሥሩ ምንም አልጨመርኩም። ስሜን እንኳ አልጻፍኩም፤ ከዚህ ቁጥር መልእክት ደርሷት ባያውቅም ከበጉ ታውቀኛለች።

መልሷ የመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። "ቆንጆ ነው። ግልገሏ የምትጮኸው ጋ በጣም ቆንጆ ነው። አንተ ግን የት ነህ?"

አንብቤው አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የወደደችው መስመር የገጣሚው አልነበረም፤ የእኔም አልነበረም፤ የአባባ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያን ሰዓት የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም። መንገዱን ስለማውቀው በየት ማለፋቸውን በሐሳቤ ተከተልኩ። ሆሊውድ፣ አሳንሰሩ፣ ባቡሩ። መልስ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። ደግሜ ጀመርኩ። "ልደውልልሽ?" ብዬ ጻፍኩ። የጥያቄ ምልክቱን አወጣሁት፣ መለስኩት። የመጨረሻው አውቶቡስ ቫን ናይስ የሚደርስበት ሰዓት ሲሆን መልእክቱ ገና አልተላከም ነበር።

አባባ ሰኞ የመጡት የተተኮሰውን ኮት ሳይሆን የሹራብ ጃኬታቸውን ለብሰው ነው። ከዘራቸውን ከወንበሩ ጎን አስደግፈው ለረጅም ጊዜ መኪኖቹን አዩ።

"አክስቲቱ ደግ ሴት ናት" አሉ በመጨረሻ። "አሁን እንኳን አላለቀሰችም።"

"ምን አሉ?"

"አክስቲቱ አይደለችም የመለሰችልን። ልጅቷ ራሷ ወጣች። ጉልበታችንን ስማ 'አባቶቼ፣ ስለ ደከማችሁልኝ አመሰግናለሁ' አለች። 'ልጁ ራሱ አንድ ቃል ቢለኝ ኖሮ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር። አልጠላሁትም። ግን ሰው ልኮ ጽሑፍ ልኮ ራሱ አልመጣም። ሥራዬን ይዤ ልሄድ ነው' አለች። ምን እንላለን? እውነቷን ነው።"

ቁልፍ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበር። ሰጥቼው ተመለስኩ።

"የእኔ ጥፋት ነው" አሉ አባባ። "የዚህን አገር ደንብ ሳላጣራ ሄድኩ። በአገሬ ልጁ አይመጣም። ቢመጣ ነውር ነው።"

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም አባባ።"

"ታዲያ የማን ነው?"

ነገርኳቸው። ስለ ትኬቶቹ፣ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ኩሬው ነገርኳቸው። ስለ ሌላ ሰው እያስመሰልኩ አልነበረም። ለማንም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት፤ ግጥም ሲሰሙ እንደሚያደርጉት። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ይሄንን ነው ለእሷ ያላልካት?"

"ይሄንን ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። 

ልጅቷ በወሩ መጨረሻ ሄደች። መሄዷን ያወቅሁት አክስቷ አንድ ቅዳሜ ራሷ ስለመጣች ነው። ጠና ያለች፣ ወፈር ያለች ሴት ናት፤ አባባን ስታይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፣ እኔን አይታ ቁልፏን ሰጠችኝ። ሰባት ቁጥርን አበባ የሚያከፋፍል መኪና ይዞታል፤ እሷን አሥራ ሁለት ቁጥር ፀሐይ ላይ አቆምኳት። ትኬቱ ላይ ስልኳን ስትጽፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከልጅቷ ጋር አንድ እንደሆኑ አስተዋልኩ። የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ እነዚያ ሦስት ቁጥሮች አሉት።

ኮኑ አሁን ከክፍሌ ጀርባ ከመጥረጊያው ጋር ነው። "ልደውልልሽ?" የሚለው አሁንም ስልኬ ውስጥ ሳይላክ አለ፤ ስልኩ ራሱ ያስቀመጠው ነው። አላጠፋሁትም።

አባባ ግን በየቀኑ መምጣታቸውን አልተዉም። አክስቲቱ ከሄደች በኋላ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ወንበራቸውን ጥላው ወደ ሄደበት ጎተት አድርገው፣

"እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ የለም?" አሉ።

"አለ፤ ብዙ አለ።"

"በግ የሌለበት ፈልግ።"

ገጽ ገለጥኩ። ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ያሉበት አንድ ነበር። ሰዎቹ ያጭዳሉ፣ ይከምራሉ፣ አንዲት ሴት ምሳ ይዛላቸው በመስኩ በኩል ትመጣለች። እንደ ወትሮው በደብተር ሳልጽፍ፣ እንደ መጣልኝ በቃሌ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ብዙ ቦታ ተሳሳትኩ፤ አላቆምኩም።

"ሲከምሩት ደርቋል?" አሉ አባባ።

ገጹን ደግሜ አየሁ። "አይናገርም።"

"እንዴት አይናገርም? ዋናው እሱ አይደል?" አሉ። ቀጥለው ሊሉኝ ያሰቡት ነገር ነበር፤ ግን መኪና መጣ፤ ሰውየው ከመስኮቱ እጁን አውጥቶ ቁልፉን ያወዛውዛል። ተነሥቼ ሄድኩ። ስመለስ አባባ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው አንቀላፍተው ነበር። መጽሐፉን ከፍቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ሲነቁ ከየት እንደምቀጥል እንዳይጠፋኝ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ።